ክርክር፦ ኮዲንግ ለልጆቻችን በአማርኛ ይሁን በእንግሊዝኛ?

የብሎኩ ኮሚቴ፦ ውድ የየካ አባዶ ነዋሪዎች፣ ኮሚናሉ ውስጥ ለ5ኛና ለ6ኛ ክፍል ልጆች የክረምት ኮዲንግ ሊጀመር ነው። መምህሩ በአማርኛ ልጀምር ይላል። አንዳንድ ወላጆች አልተስማሙም። ሐሳብ ስጡበት።

የናቲ አባት፦ በእንግሊዝኛ ነው እንጂ! 9ኛ ክፍል ሲገቡ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ሥራውም እንደዚያው። ኮምፒውተር ደግሞ መቼ አማርኛ ገብቶት ያውቃል?

የሶልያና እናት፦ የናቲ አባት፣ ይህንኑ ነገር ግሬስ ሆፐርንም ብለዋታል። አሜሪካዊት የሂሳብ ሊቅ ናት። እ.ኤ.አ. በ1934 ከየል ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቷን አገኘች፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ባሕር ኃይል ገብታ ሃርቫርድ በነበረው ማርክ 1 በተባለው ኮምፒውተር ላይ ሠራች። ያኔ ፕሮግራም ማለት የቁጥርና የምልክት ክምር ነበር። እሷ ግን «የቢሮ ሰው በሚያውቀው ቃል ይጻፍ፣ ወደ ማሽኑ ቋንቋ መመለሱን ኮምፒውተሩ ራሱ ይሥራው» የሚል ሐሳብ ያዘች። ኮምፒውተር እንግሊዝኛ አይገባውም አሏት። አዎ፣ እንግሊዝኛ! በ1952 ኤ-ዜሮ የተባለውን ኮምፓይለር፣ ማለትም ወደ ማሽኑ ቋንቋ የሚመልሰውን ፕሮግራም ሠራች፤ በኋላም በእንግሊዝኛ ቃላት የሚጻፈውን የፕሮግራም ቋንቋ፣ ፍሎው-ማቲክን።

እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። አለቆቿን ለማሳመን ያንኑ ፕሮግራም በፈረንሳይኛና በጀርመንኛም አድርጋ አሳየች። ለማሽኑ ያው ነው፤ አንዱን ቃል በሌላ መተካት ብቻ። አለቆቹ ደነገጡ። ፊላደልፊያ የተሠራ ማሽን እንዴት ፈረንሳይኛ ይችላል ብለው! በእንግሊዝኛ ብቻ የቀረው ሰዎቹ ስለፈለጉ ነው። ማሽኑማ እሺ ብሎ ነበር።

ብሎክ 58፦ አንድ ነገር ላክል። ከዚያ በኋላ የመጣውን ኮቦል የተባለ የቢሮ ሥራ የፕሮግራም ቋንቋ ሆፐር ብቻዋን አልሠራችውም፤ በ1959 የተሰበሰበ ኮሚቴ ነው የሠራው። የሷ ፍሎው-ማቲክ ዋና መነሻ ሆነለት። ደግሞ ዳይክስትራ የተባለው የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ በ1975 ኮቦል አእምሮን ያሽመደምዳል ብሎ ጽፏል። ቃሉን ሰውኛ ማድረግ ብቻውን አስተሳሰብ አያስተምርም።

መምህሩ፦ ልክ ነው፣ ግን የ11 ዓመት ልጅ ቃሉን ሲሸመድድ አስተሳሰቡ ያመልጠዋል። ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ «ዋጋ = 40»፣ «ብዛት = 3» ብላችሁ በፊደላችን ጻፉና «ዋጋ * ብዛት» በሉት፤ 120 ይላችኋል። ስክራች የተባለው የልጆች ፕሮግራም መማሪያ ደግሞ ትእዛዞቹ ራሳቸው በአማርኛ አሉት።

የናቲ አባት፦ ስህተት ሲመጣስ? ማሽኑ የሚናገረው በእንግሊዝኛ ነው። ያኔ ማን ያነብላቸዋል?

የቢፍቱ አባት፦ ይቅርታ፣ የኔ ልጅ አፏን የፈታችው በአፋን ኦሮሞ ነው። ሴትየዋ ሦስት ቋንቋ ካሳየች እኛ ለምን አንዱ ላይ እንቆማለን?

የሶልያና እናት፦ እውነትዎን ነው፣ የቢፍቱ አባት። ቁቤ በላቲን ፊደል ስለሆነ ፓይተን ላይ እንዲያውም አይቸግርም። እንደ «ዋጋ» ያሉትን ስሞች ልጆቹ በፈለጉት ቋንቋ ይጻፉ። የናቲ አባት፣ ስህተቱን ለማንበብ እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ኮሚናል እገኛለሁ። ሥራዬም እሱ ነው።

የናቲ አባት፦ እሺ፣ ናቲን አስመዘግበዋለሁ። በሁለተኛው ወር እንግሊዝኛው ካልተጀመረ ግን አስወጣዋለሁ።