ከሉፐስ ጋር ልጅ ማሳደግ፦ ወደ ባሕር ዳር ለመመለስ ለምታስቡ እናቶች

ጥያቄ፤ ከሚኒያፖሊስ

ሰላም እህቶቼ። ሉፐስ አለብኝ። የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነቱን የሚያጠቃበት ሕመም ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ትልቋ 9 ዓመቷ ነው፣ ትንሹ 4። ባለቤቴ ባሕር ዳር ሥራ ስላገኘ ጠቅልለን ልንገባ እያሰብን ነው። የኔ ቤተሰቦች «እዚያ ሐኪም የለም፣ ራስሽን ልታጠፊ ነው» ይሉኛል። የሱ ቤተሰቦች ደግሞ «አገርሽ ግቢ፣ ፀበልሽን ጠጪ፣ ትድኛለሽ» ይላሉ። እንዲህ ያለ ሕመም ይዞ እዚያ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ካለ እውነቱን ይንገረኝ።

መልስ፤ ከባሕር ዳር

እህቴ፣ እግዜር ይማርሽ። እኔም ሉፐስ አለብኝ፤ ልጆቼን የማሳድገው እዚሁ ባሕር ዳር ነው። ከውጭ ከተመለስን ዓመታት አልፈዋል። ሁለቱም ወገኖች የሚሉሽ ከፍቅር ነው፤ ግን ሁለቱም ልክ አይደሉም። እዚህ መኖር ይቻላል። ዝግጅት ግን ይፈልጋል። ረዘም ቢልብሽም ታግሰሽ አንብቢኝ።

መጀመሪያ ስለ ሕክምናው። ከተማው ውስጥ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን የሚባሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች አሉ። የግል ክሊኒክም አለ። የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ታገኛለሽ። የሩማቶሎጂ ሐኪም፣ እንደ ሉፐስ ያሉ ሕመሞችን የሚያክመው፣ ግን በአገር ደረጃም በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ እዚያ ያለው ሐኪምሽ ከመምጣትሽ በፊት ታሪክሽን በሙሉ ጽፎ ይስጥሽ። የትኛው የሰውነት ክፍልሽ እንደተነካ፣ ኩላሊትሽ ምን ላይ እንዳለ፣ የትኛው መድኃኒት ተሞክሮ ለምን እንደቆመ። መድኃኒቱም በፋብሪካ ስሙ ብቻ አይጻፍ። ዋናውን የሉፐስ መድኃኒት «ፕላኩኒል» ብትይ ፋርማሲው ላያውቀው ይችላል፤ «ሃይድሮክሲክሎሮኩዊን» ስትይ ይገባዋል። ሉፐስ ኩላሊትን ሲጎዳ ብዙ ጊዜ ምንም ሳያም ነው። ደህና ነኝ ብለሽ የሽንት ምርመራሽን አትዝለይ። ሃይድሮክሲክሎሮኩዊን የምትወስጂ ከሆነ ዓይንሽንም ስትጀምሪ አንዴ፣ ከ5 ዓመት በኋላ ደግሞ በየዓመቱ ማሳየት አለብሽ።

መድኃኒት ለወራት የሚበቃ ይዘሽ ግቢ። ሻንጣ ውስጥ አታስገቢው፤ በእጅሽ ያዥው። በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በነበረው ግጭት መንገድ የተዘጋበት፣ ኢንተርኔት የተቋረጠበት ጊዜ አለ። አዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ነገር ግን ሁልጊዜ በፈለግሽ ቀን እሄዳለሁ ብለሽ አትተማመኚ። በተለይ ፕሬድኒሶሎን የሚባለው የስቴሮይድ መድኃኒት ላይ ከሆንሽ አለቀብኝ ማለት ቀልድ አይደለም። ረዘም ላለ ጊዜ የወሰደው ሰው ሰውነት የራሱን ሆርሞን ማምረቱን ይቀንሳል። በድንገት ሲቋረጥ ለሕይወት ያሰጋል። ቤት ውስጥ ያለው ፍሬ ስንት እንደቀረው ባለቤትሽም ይወቅ።

ስለ ወባ ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ሃይድሮክሲክሎሮኩዊን መጀመሪያ የወባ መድኃኒት ነበር። «እንግዲያው እኔን ወባ አይዘኝም» ብለሽ እንዳታስቢ። አደገኛው የወባ ዓይነት፣ ፋልሲፓረም፣ ክሎሮኩዊንን ከተላመደ ቆይቷል። ባሕር ዳር ደግሞ ወባ አለ፤ በተለይ ክረምቱ ወጥቶ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ። አጎበር ለአንቺም ለልጆችሽም ግድ ነው። ትኩሳት ከመጣብሽ «ሉፐሴ ተነሳብኝ» ብለሽ አልጋ ላይ አትቆዪ፤ በዚያው ቀን ተመርመሪ። ፕሬድኒሶሎን ትኩሳትን ሊሸፍን ስለሚችል ትንሽ ሙቀት ቢሆንም አትናቂው።

ፀሐዩስ? ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ለምድር ወገብም ቅርብ ናት። ለኛ ፀሐይ ቆዳ ብቻ አይደለም የምትጎዳው፤ መገጣጠሚያውንም ድካሙንም፣ ሁሉንም ልትቀሰቅስ ትችላለች። በኛ ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ደጅ ባትቆሚ ጥሩ ነው። ደስ የሚለው ግን፣ እዚህ በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ ይዞ መሄድ ማንንም አይገርምም። እናቶቻችን ሲያደርጉት የኖሩት ነው። ውጭ አገር እያለሁ በበጋ ረጅም እጅጌና ሰፊ ባርኔጣ አድርጌ ስወጣ የሰው ዓይን ይከብደኝ ነበር። እዚህ ነጠላዬን ተከናንቤ ጃንጥላዬን ዘርግቼ ስሄድ እንደማንኛዋም ሴት ነኝ። ይሄ ምን ያህል እንደሚያሳርፍ ያለፈበት ያውቀዋል። ክረምት ሲገባ ግን አትዘናጊ፤ ጨረሩ በደመናም ያልፋል።

ልጆቹን ከትምህርት ቤት ማመላለሱን ለራስሽ አታስቀሪ። ብዙ ወላጅ ከአንድ ባጃጅ ሾፌር ጋር በወር ኮንትራት ይዋዋላል። የምታውቂው ሰው የመሰከረለትን ፈልጊ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እዚያ አገር ሲያምሽ ልጆችሽን የሚይዝልሽ ሰው በቀጠሮና በዶላር ነው። እዚህ ሰው አለ። አክስት አለች፣ የባለቤትሽ እናት አሉ፣ ጎረቤት አለች። ነገር ግን ሰው የሚያግዘው ሲያውቅ ነው። ሉፐስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ፊት ላይ አይታይም። ጠዋት ለብሰሽ ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ ያየችሽ ጎረቤት ከሰዓት በኋላ ከአልጋ መውረድ እንዳቃተሽ በምን ታውቃለች? «ከውጭ ስለመጣች ትኮራለች» ነው የምትለው። እኛ ዘንድ በሽታ ይደበቃል። ሰው እንዳይንቀኝ፣ ወሬ እንዳይወራብኝ፣ ለልጆቼ እንዳይተርፍ ተብሎ ይደበቃል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ያሉትም እነዚሁ ወላጆቻችን ናቸው።

እኔ ሰፈር እንደገባን ለቅርብ ጎረቤቶቼ የነገርኳቸው ይህንን ነው፦ «ሉፐስ የሚባል በሽታ አለብኝ። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የሰውነቴ መከላከያ ራሴን ነው የሚያጠቃኝ። አንዳንድ ቀን በጣም ይደክመኛል። ያን ቀን ልጆቹን ትይዙልኛላችሁ?» አይተላለፍም የሚለውን ሳትረሺ ተናገሪ። ካልተናገርሽው ሰው የራሱን መላ ይመታል፤ ከልጆችሽ ጋር የሚጫወት ልጅ ሊጠፋ ይችላል። አንዴ ከተናገርሽ በኋላ ግን ታያለሽ። የኔ ጎረቤት መስኮቴ እስከ 3 ሰዓት ካልተከፈተ ራሷ መጥታ ታንኳኳለች። ልጆቼን ይዛ ትሄዳለች፤ ምሳ አብልታ ትመልሳቸዋለች። እኔም በደህና ቀኔ የሷን ልጅ እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። ተበድሬ የምኖር አይመስለኝም።

ጠያቂ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ታመመች ሲባል ብርቱካን ይዞ የሚመጣው ሰው ብዙ ነው። ይቀመጣል። ቡና ይፈላል። የታመመችው ሴት ተነስታ እጣን ታጨሳለች፣ ፈንዲሻ ታቀርባለች፣ ሲወጡ ትወድቃለች። እንዲህ መሆን የለበትም። ቤትሽ ውስጥ አንድ የሚደመጥ ትልቅ ሰው ምረጪ፤ ለኔ አክስቴ ናት። በሩ ላይ ተቀብላ «ተኝታለች፣ መምጣታችሁን እነግራታለሁ፣ እግዜር ያክብርልኝ» ትላለች። ማንም አይቀየማትም። እኔ ብለው ግን ይቀየሙኝ ነበር። የገባ ደግሞ ቡናውን ራሱ ያፍላ። ጋደም ብለሽ ብትጠጪ ነውር የለውም።

እንጀራም ግዢ። የጣቶቿ መገጣጠሚያ ያበጠባት ሴት ሊጥ ማቡካትና ምጣድ ፊት መቆም የለባትም። ሠራተኛ የምትቀጥሪ ከሆነ በደንብ ክፈያት፤ የእረፍት ቀኗንም ጠብቂላት። አንቺ የምትተርፊው በሷ ጉልበት ነውና።

ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት ቤታችን ውስጥ የኔ እረፍት ነው። ከ8 እስከ 9 ሰዓት ተኩል በሬ ይዘጋል። ልጆቹ ያውቁታል፤ እንደ ትምህርት ቤት ደወል ነው የሚያከብሩት። ይሄ ቅንጦት አይደለም። ድካሙ እንቅልፍ በማጣት ብቻ የሚመጣ ድካም አይደለም፤ በሽታው ራሱ ነው። ያን ሰዓት ካላረፍኩ ማታ ልጆቼ የሚያገኙት የምትቆጣ እናት ነው። የታመመች እናት የምታርፈው ሁሉ ሥራ ካለቀ በኋላ ከሆነ መቼም አታርፍም፤ የቤት ሥራ አያልቅምና። እረፍትሽን ከመድኃኒትሽ ጋር ጻፊው፤ እንደ መድኃኒትሽም አትዝለይው።

ለነፍስሽም የሆነ ነገር ያስፈልግሻል። እኔ ጎህ ሲቀድ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ጣና ዳር እሄዳለሁ። ታንኳ የሚቀዝፉትን አያለሁ፤ ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር ሰላምታ እለዋወጣለሁ። ሲሻለኝ ደግሞ ከጓደኞቼ ጋር፣ ያለ ልጆች፣ በጀልባ ዘጌ እንሄዳለን። ዘጌ ለኛ ዓይነት ሰው የተሠራ ይመስለኛል። ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው መንገድ ቡናው ከትልልቅ ዛፎች ሥር የበቀለበት ጫካ ስለሆነ ጥላ ለጥላ ነው የምትሄጂው። ልጆቹ ሐይቁ ውስጥ እግራቸውን እንዲነክሩ ግን አልፈቅድም። ዳር ዳሩ ላይ ቢልሃርዚያ የሚባል፣ ከውኃው በቆዳ የሚገባ የትል በሽታ አለ፤ ይሄ የታመመውንም ጤነኛውንም ይመለከታል።

ስለ ፀበሉ። እኔም እጠመቃለሁ። መድኃኒቴን ግን አላቆምም። ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስ ለኤችአይቪ ሕሙማን ፀበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በአደባባይ መክረው ነበር። «መድኃኒት ይዘሽ ፀበል አይሠራልሽም» የሚልሽ ሰው ካለ ይህንን ንገሪው። ጾሙንም ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪበት። ፕሬድኒሶሎን ጠዋት ከምግብ ጋር ነው የሚወሰደው፤ እስከ 9 ሰዓት መጾም ከዚያ ጋር አይሄድም። የኔ አባት ገና ሳልጨርስ ነው «ልጄ፣ ለታመመ ሰው ሥርዓቱ ይፈቅዳል፣ ብይ» ያሉኝ። ጥሬ ሥጋና ያልተፈላ ወተት ደግሞ የበሽታ መከላከልን የሚቀንስ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው አይሆንም። ድግስ ላይ ክትፎው ለብለብ ብሎ ሲቀርብልሽ «በደንብ ይብሰልልኝ» በይ።

ተጨማሪ ጥያቄ፤ ከስቶክሆልም

እህታችን እናመሰግናለን። የታመመችው ባለቤቴ ናት። እኛም ለመመለስ እያሰብን ነው። ልጃችን 7 ዓመቱ ነው። ባለፈው ሆስፒታል ስትተኛ «እማ ትሞታለች?» ብሎ ጠየቀኝ። ዝም አልኩት። ምን ማለት ነበረብኝ?

መልስ፤ ከባሕር ዳር

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ምሕረቱን ያውርድላት።

ልጅ ዝምታን የሚሞላው በፍርሃት ነው። ስለዚህ መልስለት፤ ግን አትዋሸው። እኔ ለልጆቼ የምላቸው «እማ ያመማት ቶሎ የማይሄድ በሽታ ነው። ሐኪሞቹ የሚያክሙበት መድኃኒት አላቸው። እኔም በየቀኑ እወስዳለሁ። ብዙ ሰዎች ይህ በሽታ ኖሮባቸው ረጅም ዕድሜ ይኖራሉ» ነው። እውነትም ነው። «ምንም አልሆነችም» ብትለው ግን በሚቀጥለው ጊዜ አያምንህም። ሆስፒታል ስትገባ ማን እንደሚያሳድረው፣ ማን ትምህርት ቤት እንደሚወስደው አስቀድሞ ይወቅ። ልጅን ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀው «እኔስ ማን ጋ እሆናለሁ» የሚለው ነው።

ትንሽ ሥራም ስጠው። ውኃ ማቀበል፣ መጋረጃ መዝጋት። እሷን መጠበቅ ግን የሱ ኃላፊነት እንዳይመስለው። ለአስተማሪውም ንገር፤ ክፍል ውስጥ ከተለወጠ ቶሎ እንድታይልህ።

ስትመለሱ ደግሞ ዘመድ በፍቅር የሚናገረውን ጠብቅ። «እናትህን አታስቸግር፣ በአንተ ምክንያት ነው የምትታመመው» የሚል አይጠፋም። ይህንን የሰማህ ቀን ሰውየው እስኪሄድ አትጠብቅ። በዚያው ቦታ፣ ልጁ እየሰማ፣ «የእማ ሕመም በአንተ የመጣ አይደለም» በለው።