ሲንታክስ ኤረር ሲመጣ የአማርኛ መልእክቴ አይሠራም

ጀማሪዎችን ፓይተን የተባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ አስተምራለሁ። ፋይላቸውን የሚያስኬዱት ከተርሚናል ነው። የእንግሊዝኛው የስህተት መልእክት ሲደረደርባቸው እጃቸውን ከኪቦርዱ ላይ ያነሳሉ። ስለዚህ ስህተቱን በአማርኛ የሚያስረዳ ትንሽ ሞጁል በኤክሴፕትሁክ (ፕሮግራሙ በስህተት ሲቆም ፓይተን በሚጠራው sys.excepthook) ጻፍኩ፤ እያንዳንዱ ፋይል አናት ላይ ኢምፖርት ይደረጋል። ኔም ኤረር ሲሆን «ይህን ስም አላውቀውም፣ ፊደሉን ደግመህ እይ» ይላል። ልጆቹ ወደውታል።

ሲንታክስ ኤረር (የኮድ አጻጻፍ ስህተት) ላይ ግን ጭጭ። ትናንት አንዷ ኪቦርዱን ከአማርኛ ሳትመልስ የኢፍ (if) መስመር መጨረሻ ላይ የኛን ሁለት ነጥብ (፡) ጻፈች። ለዓይን ከኮለኑ (:) አይለይም! የመጣላት ያው እንግሊዝኛው ነው። ምክንያቱ ገብቶኛል፤ ፓይተን መጀመሪያ ፋይሉን በሙሉ ስለሚያነብ ኢምፖርቱ ጋ ሳይደርስ ይቆማል። የእነሱን ፋይል የሚያስነሳ ሌላ ማስጀመሪያ ፋይል ሞከርኩ፤ ትእዛዙ ረዘመባቸውና እየረሱት ተውኩት።

ልጆቹ የለመዱትን ትእዛዝ ሳልቀይር፣ ሞጁሌ ከእነሱ ፋይል በፊት በራሱ እንዲነሳ እንዴት ላድርግ?