ከለገጣፎ ሆኖ ልጅን ለማየት ያለ ጠበቃ መከራከር

ውድ ወንድሜ፣ ከውጭ አገር ተመልሰው ከቀድሞ ባለቤትዎ ጋር የምትኖረውን ልጅዎን ለማየት ጠበቃ ማቆም የግድ እንደሆነ ጠይቀዋል። ግዴታ አይደለም፤ ሰው በራሱ ጉዳይ ቀርቦ መከራከር ይችላል፤ እኔም ባለፈው ዓመት ከለገጣፎ እየተመላለስኩ እንዲሁ አድርጌአለሁ።

መጀመሪያ ያደናገረኝ የት ልክሰስ የሚለው ነበር። ለገጣፎ ከአዲስ አበባ ጋር አጥር ለአጥር ቢገናኝም በኦሮሚያ ክልል ሥር ነው፤ ክልሉ የራሱ የቤተሰብ ሕግ ያለው ሲሆን የፍርድ ቤቶቹም የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። እኛ ግን የተፋታነው አዲስ አበባ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ስለነበረና እናትና ልጅም እዚያው ስለሚኖሩ፣ አቤቱታዬን ያስገባሁት ወደዚያው ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 113፣ ሁኔታዎች ሲለወጡ ፍርድ ቤቱ ስለ ልጆች አኗኗርና ከወላጆቻቸው ጋር ስለሚጠያየቁበት መንገድ የሰጠውን ውሳኔ እንዲያሻሽል ይፈቅዳል፤ የእኔ የተለወጠ ሁኔታ ከስደት መመለሴ ነበር። የእርስዎ ፍቺ በውጭ አገር ከተወሰነ ግን ውሳኔው እንዳለ እዚህ አይፈጸምም፤ ለዚህኛው ጉዳይ ለሕግ ባለሙያ ቢከፍሉ ገንዘብዎ አይቆጭዎትም።

አሁን ወደ ስህተቴ ልምጣ። የመጀመሪያ አቤቱታዬ አራት ገጽ ሲሆን ሦስቱ ስለ እናቲቱ ጠባይ ነበር። ዳኛዋ አንዱንም አላነሱም፤ የጠየቁኝ፣ ልጅቱ እሑድ ማታ እኔ ዘንድ ካደረች ሰኞ በስንት ሰዓት ተነሥታ ሳርቤት ያለው ትምህርት ቤቷ እንደምትደርስ ነው። መልስ አልነበረኝም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 የሕፃናትን ጥቅም ያስቀደመው ለካ በእንዲህ ያለ ጥያቄ ነው የሚሠራው! ከዚያ በኋላ ሦስት ጠዋት ሰዓቴን ይዤ በአያት አድርጌ እስከ መገናኛ፣ ከመገናኛም እስከ ሳርቤት በታክሲ ሄድኩ፤ ፈጥኜ የደረስኩበት ቀን እንኳ ጉዞው አምስት ደቂቃ የጎደለው ሁለት ሰዓት ነበር የፈጀብኝ። ስለዚህ የእሑድ አዳሩን ራሴው ትቼ፣ በየሁለት ሳምንቱ ከቅዳሜ ጠዋት እስከ እሑድ ዐሥር ሰዓት ብቻ እንዲሆንልኝ፣ ርክክቡም መገናኛ አካባቢ አያቷ ቤት እንዲፈጸም ጠየቅሁ። እናቲቱም በዚህ አልተቃወመችም።

የፍርድ ቤቱ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ልጅቱን ለብቻዋ ካነጋገረች በኋላ ቤቴን ልታይ መጣች። አልጋውን በዋዜማው ስለገዛሁት የፍራሹ ላስቲክ ገና አልተነሣም ነበር፤ አየችው፣ ጻፈችም። እርስዎ ባለሙያ ከመምጣቱ በፊት ቀደም ብለው ያዘጋጁ።

ቀለቡንም ልጅዎን ባያገኟት እንኳ አያቋርጡ፤ አንዱ ለሌላው መያዣ አይሆንም። ፍርድ ቤቱ ልጅዎን እንዲያዩ ባዘዘው ቀን ልጅቱ ካልቀረበች በር ላይ ከመጨቃጨቅ ቀኑንና ሰዓቱን መዝግበው ትእዛዙ እንዲፈጸም የሚጠይቅ አቤቱታ (የአፈጻጸም አቤቱታ) ያቅርቡ። እኔ እስካሁን ሁለት ቅዳሜ ብቻ ነው የመዘገብኩት፤ አንዷ በዝናብ ምክንያት ነበረችና ሰርዣታለሁ።