በትንሽ ገንዘብ ሞዴል ባቡር፦ 180 በ30 ሳንቲ ሜትር መደርደሪያ ላይ ምን ይሠራል?

ፉርጎ87 ጠየቀ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከአሜሪካ የተላከ የኤችኦ (1፡87፣ ከእውነተኛው 87 ጊዜ የሚያንስ) የጀማሪ ጥቅል እጄ ገብቷል። አንድ ሎኮሞቲቭ፣ ሦስት ፉርጎ፣ ዙሪያውን የሚገጥም ሐዲድና የፍጥነት መቆጣጠሪያ አለው። ያለሁት አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ነው። ዙሩ 120 በ97 ሳንቲ ሜትር ስለሚፈልግ ወለል ላይ ካልሆነ አይዘረጋም፤ ያለኝ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ 180 በ30 መደርደሪያ ብቻ ነው። አንድ ዘመድ ሲመጣ የ100 ዶላር ዕቃ ሊይዝልኝ ይችላል፣ እዚህ ደግሞ ከ5,000 ብር በላይ አላወጣም። ምን ላስመጣ፣ ምኑን እዚሁ ልግዛ? የድሮውን ለገሃር ቢመስል ደስ ይለኛል።

አምፖል፦
ሐዲዱን ለጊዜው ተወውና መቆጣጠሪያውን ገልብጠህ ጀርባውን አንብብ። ኢንፑቱ 120 ቮልት ብቻ ከሆነ እንዳትሰካው! በ220 ትራንስፎርመሩ ከመጠን በላይ ይግላል፣ ሽታው ሳይቆይ ይመጣል፣ ከዚያ በኋላ መጠገኛ የለውም። ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ የሶኬት መቀየሪያ ይበቃሃል።

120 ከሆነ ቮልት ቀናሽ መግዛት ብር ማባከን ነው። መርካቶ ካሉት የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች አራት ነገር ያዝ፦ ለካሜራ የሚሸጠውን 12 ቮልት 2 አምፒር ዲሲ አዳፕተር፣ ባለ ማዞሪያ የ12 ቮልት ሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ (ፒደብሊውኤም በለው ያውቁታል)፣ ስድስት እግር ያለው ስዊች፣ ከመኪና መለዋወጫ ደግሞ የፍሬን መብራት አምፖል፣ 12 ቮልት 21 ዋት።

አገጣጠሙ እንዲህ ነው። አዳፕተሩ ወደ መቆጣጠሪያው መግቢያ ይሄዳል። ከመቆጣጠሪያው መውጫ አንዱ ገመድ በቀጥታ፣ ሌላው በአምፖሉ በኩል አልፎ ወደ ስዊቹ ሁለት የመሐል እግሮች ይገባል። የስዊቹን አራት የማዕዘን እግሮች በሰያፍ አገናኛቸው፤ ሁለቱ ገመዶች ኤክስ ይሠራሉ። ከአንዱ ጫፍ ጥንድ ወደ ሐዲዱ አውጣ። ስዊቹን ስትገለብጠው ባቡሩ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ግን ሁልጊዜ አቁመህ ገልብጥ።

አምፖሉ ጌጥ አይደለም። ሎኮሞቲቩ ሲሄድ የሚስበው ብዙ ጊዜ ከግማሽ አምፒር በታች ስለሆነ አምፖሉ ጨለማ ነው። ፉርጎ ከሐዲድ ወጥቶ ሾርት ሲፈጥር ቦግ ይላል፣ ኃይሉንም ራሱ ይይዘውና አዳፕተርህ ይተርፋል።

ሸንተር፦
ዙሩን እርሳው። በዚህ መደርደሪያ ላይ ኢንግልኑክ ሥራ፤ እንግሊዛዊው አለን ራይት ያወጣው የፉርጎ መለያ ጣቢያ ነው። ሁለት መገንጠያ (አንዱ ሐዲድ ለሁለት የሚከፈልበት)፣ አምስት ፉርጎ የሚይዝ አንድ መስመር፣ ሦስት ሦስት የሚይዙ ሁለት መስመሮች፣ ሎኮሞቲቩና ሦስት ፉርጎ የሚቆሙበት አንድ መውጫ። ከስምንት ፉርጎ አምስቱን በዕጣ ታወጣለህ፣ ከዚያ በወጡበት ቅደም ተከተል ቀጥለህ ታሰልፋቸዋለህ። 6,720 ዓይነት ሰልፍ አለው።

ልኩ ይገባል። ባለ 40 ጫማ ፉርጎ በኤችኦ ከነማያያዣው 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። መውጫው 65፣ መገንጠያው 25፣ ረጅሙ መስመር 80፤ ድምሩ 170። ፉርጎህ ረዘም ካለ መጀመሪያ ለካና ቁጥሩን ቀይር።

ከ100 ዶላሩ ትልቁን የሚወስዱት ሁለቱ መገንጠያዎች ናቸው፣ እነሱ ላይ አትቆጥብ። ኮድ 100 (የሐዲድ ከፍታ መለያ ነው) ይሁኑ፣ ከጥቅልህ ሐዲድ ጋር ከፍታቸው እንዲገጥም። ፒኮ የተባለው ፋብሪካ የሠራቸው ከሆኑ ውስጣቸው ስፕሪንግ ስላለ ያለ ሞተር በጣት ይገፋሉ። ፍሌክስ የሚባለው፣ እንደፈለግክ የሚታጠፍ ሐዲድ ሦስት ይበቃሃል፤ ግን አንዱ 91 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ሻንጣ ውስጥ አይገባም። ዘመድህ ከመሐሉ ይቁረጠው፤ 45ቱ ለሦስት ፉርጎ መስመር ልክ ነው። ቁራጭ በበዛ ቁጥር መገጣጠሚያው ስለሚላላ ከእያንዳንዱ ቁራጭ ሥር ገመድ በይድለት፤ የኔትወርክ ኬብል ውስጥ ያለው ቀጭን ሽቦ ይሆናል።

በቀረው ያገለገሉ ፉርጎዎች ይግዛ፤ በባቡር ትርኢቶች ላይ ከጠረጴዛ ሥር ካርቶን ውስጥ ያሉት ናቸው ርካሾቹ። ማያያዣቸው እንደ ጣት የሚቆላለፈው ዓይነት ይሁን። የድሮው የፕላስቲክ መንጠቆ ከእሱ ጋር አይያያዝም። በአምስት ፉርጎ መጀመርም ይቻላል፤ መስመሮቹን 3፣ 2፣ 2 አድርገህ ወሰኑን በክብሪት እንጨት ምልክት አድርግ። ከአምስቱ የምታወጣው ሦስት ስለሆነ ሰልፉ 60 ብቻ ነው፣ ቶሎ ይሰለቻል እንጂ ጨዋታው ያው ነው። ፉርጎዎቹን ለማላቀቅ በማያያዣዎቹ መሐል የሺሽ ከባብ እንጨት አስገብተህ ጠምዘዝ።

ዳዶና ብሎን፦
ፉርጎ ከሐዲድ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ስለሚቀል ነው። የአሜሪካው የሞዴል ባቡር ማኅበር መለኪያ ለኤችኦ 1 አውንስ፣ በየኢንቹ ርዝመት ደግሞ ግማሽ አውንስ ይላል። ባለ 6 ኢንቹ ፉርጎ ስለዚህ 113 ግራም ነው። በወጥ ቤት ሚዛን መዝነህ የጎደለውን በዳዶና በሮንዴላ ሙላ፤ ከሁለቱም ጎማዎች በላይ እኩል አከፋፍለው፣ ከወለሉ ጋር በኮላ አጣብቀው።

ለመሬቱ የፍሪጅ ማሸጊያ ነጩ ፎም ይበቃል። ማስቲሽ እንዳይነካው፣ ስፕሬይ ቀለምም እንዲሁ፤ ያቀልጡታል። የእንጨት ኮላ ነው የሚሆነው። ሣሩ ቀለም የተነከረ ሰጋቱራ ነው። አሸዋውን በቡና ማጥለያ ወንፊት ንፋና በማግኔት ዳስሰው፤ የእኛ አሸዋ ውስጥ ብረት ይገኛል፣ እሱ ደግሞ ተስቦ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። አንድ እጅ ኮላ በሁለት እጅ ውሃ በጥብጠህ አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ጨምርበት፣ አለበለዚያ አሸዋው ላይ ይንከባለላል እንጂ አይሰርግም። ባቡሩ ሳምንት ያለ እንከን ሳይሄድ ግን ምንም እንዳታጣብቅ።

ለገሃርን ሙሉ ሕንፃ አድርገህ አትሥራው፣ መደርደሪያው አይበቃም። ፊቱን ብቻ ከካርቶን ቆርጠህ 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይዞ ግድግዳው ላይ ይለጠፍ። ባለ 2.1 ሜትር በር 24 ሚሊ ሜትር ይወጣል። ለመጋዘኖቹ ቆርቆሮ፦ የወጥ ቤት ፎይል የጫማ ሶል ላይ አንጥፈህ፣ እስከ ጫፉ ጥርስ ያለው ባለ 6 ሚሊ ሜትር ብሎን ተጭነህ አንከባልልበት። በየ1 ሚሊ ሜትሩ መስመር ያወጣል፤ በዚህ መጠን እውነተኛ ቆርቆሮ ይመስላል።

ፉርጎ87፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ቀረኝ። የድሮው ባቡር ሐዲድ ጠባብ አልነበረም? ደግሞ ሎኮሞቲቩ ቀስ ሲል እየቆመ ነው።

ሸንተር፦
ልክ ነህ። የድሮው የጅቡቲ መስመር 1 ሜትር ስለነበር በ1፡87 11.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ የአንተ 16.5 ነው፣ ከአዲሱ መስመር ጋር ነው የሚገጥመው። 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድና ሎኮሞቲቭ አለ፣ ዋጋው ግን በጀትህን አንድ ላይ ይበላል። ይልቅ ከሐዲዱ ሥር ያሉትን አግዳሚ እንጨቶች በአሸዋ ሸፍናቸው፣ ስፋቱ ዓይን አይስብም። ከሐዲዱ አናት በታች ለጎማው ከንፈር (ከሐዲዱ እንዳይወጣ ለሚይዘው ጠርዝ) 1.5 ሚሊ ሜትር ክፍት ተው፤ የመገንጠያው ምላስ (የሚንቀሳቀሰው ሹል ሐዲድ) አጠገብ አሸዋም ኮላም አይድረስ።

አምፖል፦
የሚቆመው ከቆሻሻ ነው። ሐዲዱንም ጎማውንም በአልኮል በረጠበ ጨርቅ ጥረግ። ብርጭቆ ወረቀት ጭረት ይተዋል፣ ጭረቱ ደግሞ ይበልጥ ቆሻሻ ይይዛል። የብረት ሱፍም አይሆንም፤ ብናኙ ማግኔቱ ላይ ይለጠፋል። የጥቅልህ ሐዲድ ከሥሩ ጥቁር የፕላስቲክ ድጋፍ ያለው ከሆነ ሐዲዱ ብረት ሊሆን ይችላል፣ በማግኔት ሞክረው፤ ከተሳበ ይዝጋል፣ መደርደሪያው ላይ አታስገባው።