ስፕሊንቱ መንጋጋ በኩል አረፋ እየያዘ አስቸገረን

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ላይ ለጥርስ ቴክኒሻን ሰልጣኞች፣ ማታ ጥርሳቸውን ለሚያፋጩ ታካሚዎች የሚሆን ጠንካራ ስፕሊንት (ጥርስ ላይ የሚጠለቅ የፕላስቲክ መከላከያ) አሠራር እያስተማርን ነው። ቅርጹን መጀመሪያ በሰም መሥራቱ ደህና ነው፤ መንጋጋ ላይ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። ያስቸገረን መቀቀሉ ነው።

የአክሪሊኩን (የፕላስቲኩን) ዱቄት 3 እጅ፣ ፈሳሹን 1 እጅ አድርገን፣ ሊጡ ጣት ላይ መጣበቁን ሲተው ፍላስክ (የብረት ቅርጽ ማውጫ) ውስጥ እንጠቀጥቀዋለን። ከዚያ 74 ዲግሪ ላይ 2 ሰዓት፣ ቀጥሎ በፈላ ውሃ 1 ሰዓት። ሲወጣ ወፍራሙ ቦታ ውስጡ አረፋ ነው፤ ቀጭኑ የፊት ክፍል ግን ጥርት ያለ ነው። አጠቃጠቃችን ቢጎድል ኖሮ በየቦታው ይታይ ነበር። ጥርጣሬያችን ሙቀቱ ላይ ነው፦ አክሪሊኩ ሲጠነክር ራሱ ይሞቃል፣ ፈሳሹም 100 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ጅማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃው የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ቢሆንም አልጠቀመንም።

ማፍላቱን ትተን 74 ላይ 8 ሰዓት እንዳናቆየው መብራቱ አያስተማምንም። በሙቀት የማይቀቀለውን አክሪሊክ በግፊት ድስት፣ 2 ባር ላይ የሠራችሁ፣ ጥንካሬው ለሚያፋጭ ሰው ይበቃል? ደግሞ ፍላስኩን በራሱ ጊዜ አቀዝቅዘን እንኳ ስፕሊንቱ ጀሶው (የታካሚው ጥርስ ቅጂ) ላይ ይወዛወዛል፤ የጥርሶቹን ጎድጓዳ ጎን በሰም ምን ያህል ትሞላላችሁ?