የከተሞቻችን ስም በኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ በየትኛው ቋንቋ ይቅደም?

ቀያሹ
ማንም ሰው የሚያርመውን ነፃ የዓለም ካርታ፣ ኦፕን ስትሪት ማፕን፣ ከፍታችሁ ኢትዮጵያን ብትቃኙ፣ አንዱ ቦታ በአማርኛ፣ ጎረቤቱ በላቲን፣ ሦስተኛው ሁለቱን በእዝባር አጣብቆ ተጽፏል። የድረ ገጹ መደበኛ ካርታ የሚያሳየው «ኔም» (ስም) የተባለውን ታግ፣ ማለትም የመረጃ መለያ፣ ብቻ ስለሆነ፣ ሁሉም የሚሻማው እሷን ነው። ለአማርኛ ኔም:ኤኤም፣ ለአፋን ኦሮሞ ኔም:ኦኤም፣ ለትግርኛ ኔም:ቲአይ፣ ለእንግሊዝኛ ኔም:ኢኤን አሉ፤ እዚያ የገባውን ግን ተራ ተመልካች አያየውም። እኔ የምለው፣ በመላ አገሪቱ «ኔም» በአማርኛ ይሁን፣ ሌላው በየታጉ ይግባ። የምትቃወሙ ምክንያት አምጡ።

አዳሜ
እቃወማለሁ። የፕሮጀክቱ ነባር ደንብ «መሬት ላይ ያለውን መዝግብ» ነው። ኦሮሚያ ውስጥ ታፔላው በቁቤ ጀምሮ አማርኛውን ያስከትላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 5ም አማርኛን የፌዴራል መንግሥቱ የሥራ ቋንቋ ካደረገ በኋላ ክልሎች የራሳቸውን እንዲወስኑ ይፈቅዳል። ስለዚህ «ኔም» የክልሉን ይከተል። ለዚህ «ዲፎልት ላንጉጅ» የሚባል ታግ አለ፤ የክልሉን ወሰን በሚይዘው ሪሌሽን (መስመሮችን አንድ ላይ የሚያስር መዝገብ) ላይ አንዴ ካስገባችሁት ውስጡ ያለው ስም በምን ቋንቋ እንደሆነ ማሽን ያነበዋል።

ሁለቱም ይሁን
ምን ያጣላል? ብራስልስ በፈረንሳይኛና በደች፣ በመሃል ሰረዝ ገብቶ ነው የተጻፈችው። እኛም ሁለቱን እንጻፍ።

ፎንት አዋቂ
ለከተማ ያስኬዳል፣ ለመንገድ አያስኬድም። የመንገድ ስም የሚጻፈው በመስመሩ ላይ ተኝቶ ነው፤ ጽሑፉ ከመስመሩ ከረዘመ ጭራሽ አይወጣም። ስሙን እጥፍ ስታደርገው የመርካቶ ውስጥ ለውስጥ ቅያስ ስም አልባ ይሆናል። ከተማም ላይ ቢሆን ሰፊ ጽሑፍ የጎረቤቱን ቦታ ይይዛል፤ ተገፍታ የምትጠፋው ትንሿ ከተማ ናት።

በሌላ በኩል ይህ ጠብ የሥዕል እንጂ የዳታ አይደለም። የራሱን ካርታ የሚሠራ ሰው «ኔም»ን መጠበቅ የለበትም። የኢትዮጵያን ፋይል ጂኦፋብሪክ ከተባለው የዳታ ማውረጃ ድረ ገጽ አውርድ፤ ፕላኔታይለር በተባለው ፕሮግራም ወደ አንድ የፒኤምታይልስ ፋይል (የካርታው ቁራጮች፣ ማለትም ታይሎች፣ በአንድ ላይ የሚቀመጡበት) ለውጠው፤ ስታስኬደው የቋንቋ ዝርዝሩ ላይ ኤኤም፣ ኦኤም፣ ቲአይ፣ ኢኤን መኖራቸውን እይ። ዝርዝሩ ላይ ያልተጻፈ ቋንቋ ከታይሉ ውስጥ ይወድቃል፤ በኋላ በጃቫስክሪፕት ብትጠራው ባዶ ነው የሚመጣልህ። ከዚያ ማፕሊብሬ (ካርታውን ድረ ገጽ ላይ የሚሥለው ላይብረሪ) ላይ «ኮአለስ» በሚባለው መግለጫ መጀመሪያ የተጠቃሚውን ቋንቋ፣ ከሌለ «ኔም»ን እንዲወስድ እዘዘው።

ሰው የሚሰናከለው ፊደሉ ላይ ነው። ማፕሊብሬ ፎንት የሚጭነው በ256 ፊደል እየከፋፈለ ነው። የግዕዝ ፊደል የዩኒኮድ ቁጥር ከ4608 እስከ 4991 ስለሚዘልቅ ሁለት ፋይል ይፈልጋል፦ 4608-4863 እና 4864-5119። ሁለተኛው የሚጀምረው በ«ጀ» ሲሆን ገ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ፣ ፀ፣ ፈ፣ ፐ እዚያ ናቸው። እሱ ባዶ ሆኖ ከተሠራ አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር፣ መቀሌ፣ ሐዋሳ ምንም አይሆኑም። ጎንደር ግን «ንደር»፣ ጅማ «ማ» ይሆናሉ፤ ጅጅጋማ ድራሿ ይጠፋል። አዲስ አበባን ብቻ አይቶ «ይሠራል» ያለ ስንቱ ነው! ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከተባለው ፎንት ሁለቱንም ፋይል አውጡና ጅጅጋን ፈትኑ።

ቀያሹ
ፎንት አዋቂ፣ እጅህ ይባረክ፤ ለጥያቄዬ ግን መልስ አይደለም። ታይል የሚሠራ ስንት ሰው ነው? አብዛኛው ሊፍሌት የተባለውን የካርታ ማሳያ ላይብረሪ ከመደበኛው ካርታ ጋር አገናኝቶ ይጨርሳል። የእሱ ተጠቃሚ የሚያየው «ኔም»ን ነው።

ፎንት አዋቂ
ሊፍሌትና መደበኛው ታይል ለሙከራ ነው። ሰርቨሩን በጎ ፈቃደኞች ነው የሚያኖሩት፤ ብዙ ጎብኚ ያለውን አፕ ሊያግዱት ይችላሉ። ፒኤምታይልስ ግን ተራ ሆስቲንግ ላይ ይቀመጣል፤ ሰርቨሩ የ«ሬንጅ» ጥያቄን (የፋይሉን ክፋይ ብቻ መጠየቅን) መቀበሉን ብቻ አረጋግጥ። የ206 ኮድ መመለስ ሲገባው 200 ከመለሰ ፋይሉን በሙሉ እየላከ ነውና ካርታው አይከፈትም።

ቁቤ ካርታ
አዳሜ ያለውን እደግፋለሁ፤ ግን አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። በላቲን የተጻፈ ሁሉ አፋን ኦሮሞ አይደለም። አዳማ በእንግሊዝኛ ሦስቱም አናባቢ ነጠላ ነው፤ በቁቤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ይደረባሉ። ከ«ኔም» ላይ በጅምላ ቀድቶ ወደ ኔም:ኦኤም የሚያስገባ ስክሪፕት የእንግሊዝኛውን ስም ኦሮምኛ ነው ብሎ ይመዘግባል። አማርኛውንም ከላቲን በማሽን አትመልሱ፤ ጠና ጤና፣ ከበደ ቀበደ ሆኖ ይወጣል።

ቀያሹ
በእጅ ከሆነ አገሪቱ መቼ ታልቃለች?

ቁቤ ካርታ
ከከተሞች ጀምር። ኦቨርፓስ (የኦፕን ስትሪት ማፕ ዳታ መጠየቂያ) ላይ «ኔም» ኖሯቸው ኔም:ኤኤም የሌላቸውን ከተሞች በክልል ለይተህ አውጣ፤ ጆስም በተባለው የካርታ ማረሚያ ክፈት፤ «ኔም»ን ከመንካትህ በፊት፣ ያለውን ስም ወደ ትክክለኛው የቋንቋ ታግ አሻግር። ብዙ ዳታ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው፤ አንዱ በላቲን ያለውን አጥፍቶ አማርኛ ይጽፋል፣ የመጀመሪያው ስም የትም አልተቀመጠም። ከጎግል ካርታ መቅዳት ደግሞ በፈቃዱ ምክንያት ክልክል ነው። ሳይወያዩ በጅምላ የተሠራውንም የፕሮጀክቱ የዳታ ጉዳዮች ቡድን፣ ዳታ ወርኪንግ ግሩፕ፣ ሊመልሰው ይችላል።

ከዋሽንግተን
ለአማርኛ ፍለጋ ከቋንቋ ምርጫው የሚብሰው ሞክሼ ፊደል ነው። ጸሐይ፣ ፀሐይ፣ ፀሀይ ለኮምፒውተር ሦስት ቃል ናቸው። የራሳችሁን ፍለጋ ስትሠሩ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነእርባታቸው አንድ አድርጉ፤ ዳታው ላይ ሳይሆን ስትፈልጉና ስትጠቁሙ ብቻ።

አዳሜ
ናዝሬትና ደብረ ዘይትስ? ዛሬም እንደዚያ ብሎ የሚፈልግ አለ።

ቁቤ ካርታ
«ኦልድ ኔም» ላይ አስገባቸው። ፍለጋው ያገኛቸዋል፣ ካርታው ላይ አይታዩም።

ቀያሹ
እሺ፣ ክልሉን ይከተል የሚለውን ልቀበል። ድሬዳዋ ግን ክልል የላትም። እሷን በምን እንጻፍ?