የተዘጋ ድራይቭ ኢን ሲኒማን ታሪክ ከምን ተነስቶ መጻፍ ይቻላል?

አቤል ዘኦሃዮ፦
ጤና ይስጥልኝ። ኦሃዮ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ ዳር የተዘጋ ድራይቭ ኢን ሲኒማ፣ ማለትም ሰው መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ፊልም የሚያይበት ሜዳ አለ። ለከተማው ቤተ መጻሕፍት አጭር ታሪኩን እያዘጋጀሁ ነው። ሜዳው ላይ የቀሩት የስክሪኑ ማማ፣ መሃል ላይ ያለ የብሎኬት ቤት፣ ጥቂት የስፒከር ምሰሶዎችና በቅስት የተደረደሩ ዝቅተኛ የአፈር ጉብታዎች ናቸው። ሰው ሁሉ የሚለው «በሃምሳዎቹ ተከፈተ፣ ቴሌቪዥን ገደለው» ነው። ይህን በማስረጃ ላረጋግጠው ወይም ላርመው እፈልጋለሁ። የተከፈተበትንና የተዘጋበትን ዓመት፣ ስንት መኪና ይይዝ እንደነበር ከየት ላግኝ? ከቅሪቱስ ምን ይነበባል? (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ብትጽፉልኝ።)

ካርታ አንባቢ፦
ወንድሜ አቤል፣ ከአየር ፎቶ ጀምር። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ «ኧርዝኤክስፕሎረር» በተባለው ድረ ገጹ የቆዩ የአየር ፎቶዎችን በነጻ ያቀርባል። ቦታውን ካርታው ላይ ምረጥና ያሉትን ዓመታት በሙሉ አውርድ። ድራይቭ ኢን ከላይ ሲታይ የተዘረጋ ማራገቢያ ስለሚመስል አይሳትም። ባዶ እርሻ የሚታይበትን የመጨረሻ ፎቶና ቅስቶቹ የታዩበትን የመጀመሪያ ፎቶ ካገኘህ፣ የተከፈተው በሁለቱ መሃል ነው። የእርሻ መሬቶችን የግብርና መሥሪያ ቤቱ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ከአየር ያስነሳ ነበር፤ የቆዩት በብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛሉ።

ቀጥሎ «ፊልም ዴይሊ ይር ቡክ» የተባለውን የፊልም ንግድ ዓመታዊ መጽሐፍ ተመልከት። ድራይቭ ኢኖችን በየግዛቱ ከነመኪና ብዛታቸው ይዘረዝራል፤ ብዙዎቹ ቅጾች ሚዲያ ሂስትሪ ዲጂታል ላይብረሪ በተባለው ድረ ገጽ ተቃኝተው ተቀምጠዋል። ግን ዝርዝሩ ከእውነታው ወደኋላ ይቀራል፦ የተዘጋ ቦታ ስሙ ተይዞ ይቆያል፣ አዲሱ ደግሞ ዘግይቶ ይገባል። ስለዚህ ብቻውን ማስረጃ አድርገህ አትያዘው።

ትክክለኛው ቀን ያለው የከተማው ጋዜጣ ማይክሮፊልም (ገጾቹ አንሰው የተቀረጹበት ፊልም) ላይ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛ፣ «በቅርቡ ይከፈታል» የሚል ማስታወቂያ በዝናብና በጭቃ ምክንያት ለሳምንታት ሊገፋ ይችላል፤ የመጀመሪያውን ምሽት የዘገበ ዜና ፈልግ። «ታላቅ መክፈቻ» የሚለውም አንዳንዴ አዲስ ባለቤት ገዝቶ የከፈተው ነው። ሁለተኛ፣ ኦሃዮ ውስጥ አብዛኞቹ በክረምት ስለሚዘጉ፣ መስከረም ላይ የወጣ የመጨረሻ ማስታወቂያ የዓመቱ መዝጊያ እንጂ የመጨረሻው መዘጋት ላይሆን ይችላል። የሚቀጥለውን ሚያዝያና ግንቦት ሳታይ ዓመት አትጻፍ።

የመኪናውን ብዛት ራስህ ቁጠር። እያንዳንዱ ምሰሶ ሁለት ስፒከር ይሸከማል፣ ግራና ቀኝ ለሚቆሙ ሁለት መኪኖች። ምሰሶው ቢነቀልም የተቆረጠው ቧንቧ ጫፍ ወይም የኮንክሪት መሠረቱ አፈር ውስጥ ይቀራል። አንዱን ረድፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቆጥረህ ሌሎቹን በርዝመታቸው አስላ። ጋዜጣው ላይ የምታገኘው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ወደ ላይ የተጠጋጋ ነው።

ጥቅል 35፦
ስለ ቅሪቱ እኔ ልጨምር። ጉብታዎቹ የዚህ ነገር ሁሉ መነሻ ናቸው። የድራይቭ ኢን ፈጣሪ የሚባለው ሪቻርድ ሆሊንግስሄድ በግንቦት 1933 የፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት) መብት ያገኘው (ቁጥር 1,909,537) በዋናነት ለዚህ አቋቋም ነው፦ መኪናው የፊት ጎማውን ጉብታ ላይ አውጥቶ አፍንጫውን ቀና ሲያደርግ፣ ተመልካቹ ከፊቱ ባለው መኪና ጣሪያ በላይ ያያል። ኒው ጀርሲ ውስጥ ካምደን አጠገብ ድራይቭ ኢኑን በሰኔ 6 ቀን 1933 ከፈተ፤ ለመኪናው 25 ሳንቲም፣ ለሰው 25 ሳንቲም፣ ለቤተሰብ ቢበዛ አንድ ዶላር። የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ1949 ፓተንቱን ዋጋ አሳጣው፤ ከዚያ ወዲህ የሠራ ሰው ስለ ፓተንት ክፍያ አላሰበም።

ስፒከሮቹን በደንብ እያቸው። መጀመሪያ ላይ ድምጹ ይለቀቅ የነበረው ስክሪኑ ዘንድ ከተተከሉ ትልልቅ ስፒከሮች ነው። ድምጽ በሰከንድ ወደ 340 ሜትር ስለሚጓዝ፣ 150 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው ቃሉን የሚሰማው ከንፈር ከተንቀሳቀሰ ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው፤ ጎረቤቱም እንቅልፍ ያጣል። አርሲኤ የተባለው የአሜሪካ ኤሌክትሮኒክስ ኩባንያ በመስኮት የሚንጠለጠለውን፣ የራሱ ድምጽ መቆጣጠሪያ ያለውን ስፒከር በ1941 አወጣ፤ ጦርነቱ ስላገደው የተስፋፋው ከ1946 በኋላ ነው። የአንተ ምሰሶዎች የመገናኛ ሣጥናቸው ካለ፣ ክዳኑ ላይ የአምራቹን ስምና የፓተንት ቁጥር ፈልግ። የፓተንቱ ዓመት ዕቃው ከዚያ በፊት አለመሠራቱን ይነግርሃል እንጂ ሲኒማው የተከፈተበትን ዓመት አይነግርህም፤ ስፒከር በየጊዜው ይተካ ነበርና። ሰው ስፒከሩን መስኮቱ ላይ እንደሰቀለ ሞተር አስነስቶ ሲሄድ ገመዱ ይበጠሳል፤ ዝናብም የተቀበረውን ሽቦ መጋጠሚያ ያበላሻል። በ1970ዎቹ ድምጹን በመኪና ሬዲዮ ማስተላለፍ ሲጀመር ባለቤቶች የወደዱት ለዚህ ነው።

የብሎኬቱ ቤት ውስጥ ስክሪኑን የሚያየውን ግድግዳ ቀዳዳዎች ቁጠር። ለአንድ ፕሮጀክተር ሁለት ናቸው፦ አንዱ ለብርሃኑ፣ አንዱ ለሠራተኛው ዓይን። የ2,000 ጫማ የፊልም ጥቅል በደቂቃ 90 ጫማ ሲሄድ 22 ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሚቆይ፣ ሁለት ፕሮጀክተሮች እየተፈራረቁ ይሠሩ ነበር። ጣሪያው ላይ በእያንዳንዱ የፕሮጀክተር መብራት አናት የጭስ ማውጫ ቧንቧ ካየህ የካርቦን አርክ ዘመን ነው፤ ሁለት የካርቦን ዘንጎች ጫፍ ለጫፍ ሲነዱ ጭስና አመድ ያወጣሉ።

ስክሪኑ ላይ ደግሞ ግራና ቀኙን መርምር። ሲኒማስኮፕ የተባለው ሰፊ የፊልም ምስል በ1953 ሲመጣ የቆዩት ስክሪኖች ጠባብ ሆኑ፤ ብዙዎች በሁለቱም ጎን ክንፍ ቀጠሉ። የክንፉ ብረትና ብሎን ከመሃሉ ከተለየ፣ መሃሉ ከ1953 በፊት የቆመ ሳይሆን አይቀርም። ለእኔ ከቅሪት ሁሉ የበለጠ የሚያስተማምነው ምልክት ይህ ነው።

የሺ ኤም፦
«ቴሌቪዥን ገደለው» የሚለውን እንዳለ አትቀበለው። በ1948 በአገሪቱ ከ1,000 በታች ድራይቭ ኢኖች ነበሩ፤ በ1958 ከ4,000 በላይ ሆነው ጫፍ ደረሱ። በ1960 ከአሥር ቤት በዘጠኙ ገደማ ቴሌቪዥን ነበረ። ማለትም ሁለቱ አብረው ነው ያደጉት። ቴሌቪዥን አልጎዳም አልልም፤ ለብቻው ግን አይበቃም።

የበለጠ የሚያስረዳው መሬቱ ነው። 500 መኪና የሚይዝ ቦታ ወደ 15 ኤከር ይፈልጋል፤ ሥራ ላይ የሚውለው በዓመት ጥቂት ወራት፣ በቀን ጥቂት ሰዓት ነው። ከተማው ወደዚያ ሲሰፋ ግብሩ ይጨምራል፣ ገበያ ማዕከል የሚሠራ ገዢም ይመጣል። በካውንቲው የሰነድ መዝጋቢ ቢሮ የሻጭና የገዢ ማውጫውን አይተህ መሬቱ መቼ፣ ለማን እንደተሸጠ አውጣ። የግብሩን መዝገብ ኦዲተሩ ቢሮ ጠይቅ።

ሰዓቱንም አትርሳ። በ1966 የወጣው ሕግ ከ1967 ጀምሮ በአብዛኛው አገር በሞቃቱ ወራት ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ወደፊት እንዲገፋ አደረገ። በኦሃዮ ዋና ከተማ ኮሎምበስ ላይ በሰኔ መጨረሻ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ ሁለተኛው ፊልም ሲያልቅ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ያልፋል። ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች የቀሩት በዚህ ነው፤ እነሱ ሲቀሩ የምግብ መሸጫው ገቢ ይወርዳል፣ ትርፉ ደግሞ ከዚያ ነበር። በሰማንያዎቹ የቪዲዮ ካሴት ተጨመረ። እስከ 2013 ከቆየ ደግሞ የ35 ሚሊሜትር ፊልም ቀርቶ ዲጂታል ፕሮጀክተር የግድ ሆነ፤ ለአንድ ስክሪን 70,000 ዶላርና ከዚያ በላይ። የጋዜጣው ማስታወቂያ የፊልም መጀመሪያ ሰዓት ስላለው የ1966ቱንና የ1968ቱን ሐምሌ አወዳድር፤ ልዩነት ካለ ይታይሃል።

አቤል ዘኦሃዮ፦
እጅግ አመሰግናለሁ። ስክሪኑ መሃሉ እንጨት፣ ሁለቱ ጎኖች ብረት ናቸው፤ ስለዚህ ከ1953 በፊት ያሉትን ፎቶዎች አስቀድማለሁ። ፊቱ ላይ የለበሰው ግራጫ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ሲሚንቶ ይመስላል፣ እየተሰበረም ይወድቃል። ለኤግዚቢሽኑ ቁራጭ ላነሳ ይቻላል?

ጥቅል 35፦
አትንካው። በዚያ ዘመን ስክሪን ይለበስበት የነበረው የሲሚንቶ ሰሌዳ ብዙውን ጊዜ አስቤስቶስ አለበት፤ ሲሰበር የሚወጣው ብናኝ ነው አደገኛው። ቀለሙም እርሳስ ሊኖረው ይችላል። ፎቶ አንሳው፣ በሜትር ለካው፣ ከሥሩ አትቁም። ለኤግዚቢሽን የሚሆንህ ስፒከር ነው፤ ከባለመሬቱ በጽሑፍ ፈቃድ ውሰድና ከየትኛው ረድፍ እንደተነሳ በወረቀት ጽፈህ ጀርባው ላይ አስረህ አስቀምጥ።